ሰው ትታ ዝንጀሮ ልታክም?

የእንስሳት ሐኪም ለአንባቢያን ጥያቄ የምትመልስበት ዓምድ

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች። እኔና እናቷ ሕክምና ትገባለች ብለን ስንጠብቅ እርሷ የዱር እንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ብላ አስደነገጠችን። አርአያ የምታደርጋት አንዲት የኡጋንዳ ሴት ዶክተር ናት፤ ፎቶግራፏን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ጎሪላ ታክማለች አሉ። እኔ ትምህርት አልንቅም። ነገር ግን ሰው በሐኪም እጦት በሚሞትበት አገር ሰው ትቶ ዝንጀሮ ማከም ምን ይባላል? እንጀራስ ይወጣዋል? ሴት ልጅስ ጫካ ለጫካ እንዴት ትኖራለች? እርስዎን ታነብባለችና እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ።» አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፤ በሁለተኛው አባቴ ትዝ አሉኝ። ያኔ ደብረ ዘይት እንለው በነበረው ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና መማር ስጀምር አባቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ይሉ ነበር። «የምን ዶክተር?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ግን «ኧረ ቡናው ቀዘቀዘ!» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ነፍሳቸውን ይማርና የከብት ሐኪም የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት ከተመረቅሁ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የአጎቴን ላም ካዋለድኩ ወዲያ ነው።

ልጅዎ ግድግዳ ላይ የለጠፈቻት ሴት ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ መሆን አለባት። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቱ ሳልላት ብጽፍ አንባቢ አይቀየመኝ። እ.ኤ.አ. በ1970 ካምፓላ ተወለደች፤ ለስድስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ ዊሊያም ካሌማ በኦቦቴ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። እርሷ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች በኢዲ አሚን ዘመን ተወስደው በዚያው ቀሩ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ የወጣ አባት ያለው የእኛም አገር ቤት ብዙ ነውና ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። እናቷ ሮዳ ካሌማ ልጆቹን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ራሳቸውም ለፓርላማ በቁ። እንዲህ ያለች እናት ያሳደገቻትን ልጅ «ይህ የሴት ሥራ አይደለም» ብሎ መመለስ የሚቻል አይመስለኝም።

ለንደን በሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ተምራ በ1995 ተመረቀች። በቀጣዩ ዓመት፣ በ25 ዓመቷ ገደማ፣ የኡጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ሆነች። ከእርሷ በፊት በዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚባል የሥራ መደብ አልነበረም። ጦርነት ያራቆታቸውን ፓርኮች መልሶ ለመሙላት ዝሆንና ቀጭኔ ከቦታ ወደ ቦታ የማጓጓዙን ሥራም መርታለች። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ እንጂ ቀጭኔን አስተኝቶ በመኪና መጫን ራሱን የቻለ ዓምድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሐኪም የሚፈራው እንስሳ ነው፤ ተኝቶ ከቆየ የደም ግፊቱና አተነፋፈሱ ይከዳዋል።

የእርስዎን ጥያቄ የሚመልሰው በዚያው በ1996 ብዊንዲ ላይ የሆነው ነገር ነው። ብዊንዲ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የሚገኝ፣ 331 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ገደላ ገደል የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። እንግሊዝኛ ስሙ ራሱ «የማይገባበት» የሚል ቃል አለበት። ከዚያ የፓርኩ ሰዎች ላኩባት፤ ጎሪላዎች ጠጉራቸው እየረገፈ፣ ቆዳቸው እየነጣና እየተቀረፈ ነው ይላል መልእክቱ። እንግዲህ አስቡት። የተማረችበት መጽሐፍ ስለ ጎሪላ የቆዳ በሽታ የሚለው ጥቂት ነው፤ አማካሪ የሚሆን የሥራ ባልደረባ በአገሩ የለም። ምን አደረገች? ወደ አንድ የሰው ሐኪም ወዳጇ ሄዳ «በዚያ አካባቢ ሰዉን በብዛት የሚይዘው የቆዳ በሽታ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እከክ» አላት።

እከክ ነበር። እኛ ቤት ለቤት የምናውቀው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያሳለፈው፣ ሌሊት የሚብሰው እከክ። አምጪዋ በዓይን የማትታይ ቅንቅን ናት፤ ቆዳን ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ሰው ያክካል፣ ሳሙና ይገዛል፣ ቅባት ይቀባል። ጎሪላ ግን ሲያክ ውሎ ሲያክ ያድራል፤ ጠጉሩ ሲያልቅ በዚያ ተራራ ብርድ ይጠብሰዋል። በሽታው ከገባበት የጎሪላ ቤተሰብ ግልገሉ ሞተ። የቀሩት የዚያ ቤተሰብ አባላት አይቨርሜክቲን ተሰጥቷቸው ዳኑ፤ እርስዎም በጎችዎ ካሉ ለእከክ የሚወጉት ያው መድኃኒት ነው።

ከየት መጣ? ጎሪላዎቹ ከደኑ ወጣ ብለው የገበሬውን ሙዝ ይበሉ ነበር። የሚወዱት ፍሬውን ሳይሆን ግንዱን ሰንጥቀው የሚያገኙትን ውስጡን ነው። በማሳው ላይ ደግሞ አውሬ እንዲያስፈራ አሮጌ ልብስ የለበሰ እንጨት ቆሟል። ልብሱ ትናንት እከክ ያለበት ሰው ገላ ላይ የነበረ ነው። ጎሪላ የሰው የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የእኛ በሽታ ያለ ፓስፖርት ይገባበታል፤ ልብሱን ነካክቶ፣ አሽትቶ፣ እከኩን ይዞ ወደ ጫካው ተመለሰ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጎሪላውን ለማዳን መታከም የነበረበት ባለ ማሳው ነው። ውሃ ያጣው፣ ሳሙና ያጣው፣ ጤና ጣቢያ የራቀው እርሱ ነው። ልጅዎ ሰው ልትተው ነው ብለው ከሰጉ፣ የዚህ ሙያ ትልቁ ችግር ሰው አላስተውም ማለቱ መሆኑን ከእኔ ይስሙ።

ይህን እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባሌ ውስጥ ውሻ እንከትብ ነበር። ውሻ የምንከትበው ለቀይ ቀበሮ ብለን ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከእኛ ተራሮች ውጭ የለም፤ ለአቅመ መውለድ የደረሰው ሁሉ ቢቆጠር አምስት መቶ አይሞላም፤ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ነው። ፍልፈሉን እያደነ በሰላም ሊኖር ሲችል የእረኛው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞበት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌው የዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል።

አንድ ማለዳ፣ ጉም መሬቱን እንደ ጥጥ ሸፍኖት፣ ከፈረስ ወርጄ በረዶ የያዘውን የክትባት ሳጥን ተሸክሜ አንድ ጎጆ ደረስኩ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ቡናማ ውሻቸውን በገመድ ይዘው ጠበቁን። ውሻው ሲያጉረመርም በነጠላቸው ፊቱን ሸፈኑትና ዝም አለ፤ ለብዙ ወጣት ረዳቶች ያስተማርኩት ዘዴ የእርሳቸው ነው። አንገቱ ላይ ቆዳውን ሳብ አድርጌ ወጋሁት፣ በቀለም ምልክት አደረግሁበት፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከውስጥ፣ ከጭሱ መካከል፣ ሕፃን ይስላል። እንደ ድስት ክዳን የሚንቀጠቀጥ ሳል ነው። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ አሉኝ፦ «ለውሻዬ ሦስት ሰዓት በፈረስ መጣሽ። ለልጅ ልጄ ማን ይመጣል?»

ምን ልመልስ? ለጤና ጣቢያው ወረቀት ጻፍኩላቸው። ጤና ጣቢያው በፈረስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ከጉያቸው ከተቱት፤ አመሰገኑኝም። ልጁ ከምን እንደደረሰ አልሰማሁም። በዚያ ቀን አርባ አንድ ውሻ ከትበናል፤ አለቃዬ በቁጥሩ ተደስቶ ነበር።

ዶክተር ግላዲስ ለዚያች ሴትዮ ጥያቄ መልስ ፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ከባለቤቷ ከሎረንስ ዚኩሶካና ከባልደረባቸው ከስቲፈን ሩባንጋ ጋር «ጥበቃ በሕዝብ ጤና በኩል» ሊባል የሚችል ድርጅት አቋቋሙ። ባለቤቷ የቴሌኮም ባለሙያ ነው፤ ስለ ጎሪላ የሚያውቀው ከእርሷ የሰማውን ነበር ማለት ነው። ድርጅቱ የሚሠራው በየመንደሩ ከነዋሪው መካከል በጎ ፈቃደኞች መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ ቤት ለቤት መላክ ነው። አጋጣሚ ሆኖ የእኛም የጤና ኤክስቴንሽን የተጀመረው በዚያው በ2003 ነው። ልዩነቱ ብዊንዲ ላይ ያው አንድ ሰው፣ በአንድ ጉብኝት፣ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ሳሉ ከሁለት ሳምንት አልፏል ወይ? መጸዳጃ ቤት ቆፍራችኋል ወይ? ጎሪላ ማሳችሁ ገብቶ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው። በኋላም የቤተሰብ ዕቅድ ተጨመረ። «ለጎሪላ ሲባል አትውለዱ ተባልን» እንዳይባል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንደተረዳሁት ግን እናቶቹ የሚያወሩት ስለ ጎሪላ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ስለ ሥራው ክብር ልጅዎ በፎቶግራፉ እንዳትታለል ደግሞ አንድ ነገር ልንገራት። ጎሪላ በየምሽቱ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥፎ አዲስ መኝታ ይሠራል፤ የትናንቱን አይደግምም። ለአቅመ መንጋ መሪነት የደረሰው ወንድ ጀርባው ብርማ ስለሚሆን በመኝታው ላይ የሚቀረው ጠጉርም ብርማ ነው፤ ግልገል ያላት እናት ከልጇ ጋር አንድ ላይ ትተኛለች። ጠዋት ጎሪላዎቹ ከሄዱ በኋላ ሠራተኞቹ ወደዚያ መኝታ ሄደው ኩሱን ይለቅማሉ። የማንኛው መኝታ እንደሆነ ጽፈው፣ በብልቃጥ አድርገው፣ ወደ ላቦራቶሪ ያወርዳሉ፤ የሰውም የከብትም ጥገኛ ትል ገብቶበት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በየጊዜው፣ በዝናብም በጭቃም። ይህ ሥራ በቴሌቪዥን አይታይም።

በሥራዋ ሁሉ ነገር አማረ አልልም። ብዊንዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲባል በደኑ ይኖሩ የነበሩት ባትዋዎች ተፈናቅለዋል፤ ያ ቁስል እስካሁን አልሻረም፤ የጎሪላውን ታሪክ ስናወራ ልንዘልለው አይገባም። በ2020 ደግሞ ኮቪድ ጎብኚውን ሲያስቀር መንደሩ ገቢ አጣ። በሰኔ ወር ገደማ ራፊኪ የሚባለው የታወቀ የመንጋ መሪ ሌላ አውሬ ለማደን በገባ ሰው ጦር ተወግቶ ሞተ፤ ገዳዩ 11 ዓመት ተፈረደበት። ሰው ሲርበው ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ነጋሪ አያስፈልገንም። ከዚህም ቀደም ብላ፣ በ2015፣ በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ገበሬዎች ቡና በተሻለ ዋጋ የሚገዛ፣ ከሽያጩም ለጥበቃው ሥራ የሚያካፍል የንግድ ድርጅት አቋቁማ ነበር። የመጀመሪያው ቡና የተሰየመው ካንዮንዪ በሚባል ጎሪላ ነው። የቡና አገር ሰው ነኝና ቀናሁ፤ በቀይ ቀበሮ የተሰየመ የባሌው የሐረና ደን ቡና ለምን የለንም?

ቁጥሩስ? እ.ኤ.አ. በ1997 ቆጠራ ብዊንዲ ውስጥ የነበሩት የተራራ ጎሪላዎች 300 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቆጠራ 459 ተገኙ፤ ከቪሩንጋ ተራሮቹ 604 ጋር 1,063 ማለት ነው። በዚያው ዓመት «እጅግ አሳሳቢ» ከሚባለው መደብ ወጥተው አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው ስጋት ተዛወሩ። የአንድ ሴት ሥራ ብቻ ነው አልልም። ጠባቂዎቹ አሉ፣ የሩዋንዳና የኮንጎ ሐኪሞች አሉ፣ ማሳው ተበልቶበት ጎሪላውን በድንጋይ ሳይሆን በዘዴ የመለሰው ገበሬ አለ።

እንጀራውን በተመለከተ አልዋሽዎትም። በአገራችን ለዱር እንስሳት ሐኪም ያለው የሥራ መደብ ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ከብት፣ በግ፣ ዶሮና ቄራ ላይ ነው ያለነው፤ ወይም መድኃኒት ቤት እንከፍታለን። ከረሃብ ያወጣል፤ ሀብታም አያደርግም። ልጅዎ መጀመሪያ ጥሩ የከብት ሐኪም ትሁን፤ ላም በትክክል መርምራ የማታውቅ ሐኪም ቀበሮ ፊት ምንም አትጠቅምም። ግላዲስም ዝም ብላ ጫካ አልገባችም። ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆና ወደ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠርታለች።

ጫካውን ስለመፍራትዎ፦ እርሷ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት፤ ጫካው ትዳርም ልጅም አልከለከላትም። እኔን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጅብም ነብርም መንገድ አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ አለቃ ነው። «ሴት ስለሆነች ለመስክ መኪና አንፈርምም» ያለኝ ሰው ነበረ። በፈረስ ሄድኩ። እነሆ በፈረስ መሄዱ ይሻል ነበር፤ መኪናው ያን የሽማግሌዋን ጎጆ አይደርስበትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ጓሳን አለማየት ይከብዳል። ልጅዎን ይዘው ወደ መንዝ፣ መሃል ሜዳ ይሂዱ። ጭላዳ ዝንጀሮውን ያያሉ፤ ጠዋት በብርዱ ከተነሡ ቀይ ቀበሮውንም ሊያዩ ይችላሉ። የመንዝ ገበሬ የጓሳውን ሣር ለብዙ ዓመት ዘግቶ፣ ለቤት ክዳኑና ለገመዱ በየተራ እያጨደ፣ በራሱ ሕግ ለዘመናት ጠብቆታል። ሽማግሌዎቹን ያናግሯቸው። ልጅዎ ስትጠይቅ እርስዎ ዝም ብለው ያድምጡ። ስትመለሱ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ «ውሻ ከተከተበ ይፈዝዛል፣ ቤት መጠበቅ ይተዋል ይላሉ። እውነት ነው?» ከጎባ

መልስ፦ ውሸት ነው። ለአንድ ቀን ቢደክመው ነው፤ ማግስቱን እርስዎንም ይጮህብዎታል። ቡችላውን ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትቡ፤ ከዚያ በየዓመቱ ይድገሙ። ያልተከተበ ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም የባህል መድኃኒትም ቢፈልግ ከመርፌው በኋላ ይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ ሐኪም ምንም አያደርግለትም።

ጥያቄ፦ «ካምፓላ ካባላጋላ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከአዲስ አበባ እህቴ መጥታ ጎሪላ ለማየት ፈቃድ ገዝተናል። እኔን ግን ጉንፋን ያዘኝ። ትንሽ ጉንፋን ነው፤ መድኃኒት ውጬ ብሄድ ምን አለበት?» ስሜ ይቅር

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ግን አትሂጂ። ለአንቺ ጉንፋን የሆነው ለእነርሱ የሳንባ ምች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሩዋንዳ ውስጥ በአንድ የጎሪላ ቤተሰብ የገባው የመተንፈሻ በሽታ ሁለቱን ሲገድል የተገኘው ቫይረስ የሰው ነበር። ስምንት ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ የሚገባው፣ አንድ ሰዓት ብቻ የሚቆየው፣ ከ15 ዓመት በታች የማይፈቀደው፣ ጭንብል የሚደረገውና አሥር ሜትር የሚራቀው ለዚሁ ነው። ለፓርኩ ሰዎች ቀድመሽ ንገሪ፤ ምን ሊደረግ እንደሚችል እነርሱ ይነግሩሻል። እህትሽ ጤነኛ ከሆነች እርሷ ትሂድ።

ከላይ ያነሣኋት ዶክተር ራሷ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ ለጥናት ብዊንዲ እንደደረሰች ጉንፋን ያዛት። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ፣ ጎሪላዎቹ እዚያው ጫካ ውስጥ እያሉ፣ እስኪለቃት ድረስ ካምፕ ተቀምጣ ንፍጧን ስትጠርግ ሰነበተች።